ያልተኛችው ኮክ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ኬክ ቆርሰው፣ ንግግር አድርገው፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ ስፈታው የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነው፤ ከነማስቀመጫው። ሠላሳ አራት ዓመት ስቆፍር፣ ስኮተኩት፣ ስገርዝ ለኖርኩ ሴት የፕላስቲክ አበባ! ልጄ «እማዬ፣ ውሃ ማጠጣት ሰልችቷት ይሆናል ብለው አስበውልሽ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ተናድጄ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ዛሬ ሳስበው ግን ሰዎቹ ከእኔ አርቀው ሳያዩ አልቀሩም። የፕላስቲክ አበባ ቢያንስ ያለ ወሩ አይፈነዳም።

ስሜ ዘሀራ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቤት የተከራየ ልብስ ሰፊ ነበር። ያደግኩበት ቤት በሩ ሲከፈት የጎረቤቱን በር ይገጫል፤ ጓሮ የሚባል ነገር አናውቅም። እናቴ በቀለም ቆርቆሮ አንድ ጤና አዳም ተክላ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ሲቀነጥሰው ግንዱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አትክልተኛ የሆንኩት ተክል ወድጄ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ፣ ጥቂት ዓመት አባቴ ዘንድ ቁልፍ ስተክልና ጠርዝ ስዘመዝም ቆየሁ፣ ከዚያ ከእሪ በከንቱ ሰፈር በታች ወንዙ ዳር በነበረ የችግኝ ጣቢያ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሄድኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያው አለቃዬ ችግኝ አይወድም፤ ሪፖርት ነው የሚወደው። የደረቀውንም የበቀለውንም አንድ ላይ ደምሮ ይልካል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ይሄኛው እኮ ሞቷል» ስለው «ወረቀት ላይ በሕይወት አለ» ይለኛል። ሁለት ዓመት ከረጢት በአፈር ስሞላ ከረምኩና ወደ አንድ ሆስፒታል ግቢ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ አለቃዋ በበጋ መሐል ሣሩ አረንጓዴ እንዲሆን ትፈልጋለች፣ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ወገቤ የተበላሸው ያኔ በባልዲ ስመላለስ ነው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት አትክልተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራውን የተማርኩት በሦስተኛው ቦታ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አንድ የጥንት ነጋዴ ያሠራው ባለ ሰፊ በረንዳ የእንጨት ቤት ነበር፤ መንግሥት ቢሮ አድርጎታል። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። የፒያሳ ሰው የሚያውቀው በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ በሚንጠለጠለው ቦገንቪላ ነበር። እዚያ ጋሽ ተካ ነበሩ።

ጋሽ ተካ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ያደጉ፣ ቀጭን፣ ነገር የማይበዛባቸው ሰው ናቸው። የተመደብኩ ዕለት ደብዳቤዬን ሳይሆን እጄን ነው የጠየቁኝ። አገላብጠው አዩት።

«ጥፍርሽን ትቀቢያለሽ?»

«አንዳንዴ። ለበዓል።»

«ለየትኛው?»

«ለዒድ ነዋ!»

«ዒድ ይዞራል፤ ዘንድሮ በበጋ፣ ሌላ ጊዜ በክረምት። ተክል እንደሱ አይዞርም። የእኛን በዓላት አጥኚ፤ እዚህ የምትሠሪው በነሱ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። በግቢው ሥራ ሁሉ ቀን የሚቆረጥለት በታቦት ነው። ውሃ የሚቀነሰው ከመስቀል ማግሥት፣ የጽጌረዳ ገረዛ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ፣ ፍግ የሚበተነው ለሚያዝያ ጊዮርጊስ። ዓመት ሳይሞላኝ በወሩ የትኛው ቀን የማን እንደሆነ ጥርት አድርጌ አወቅኩ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ሮመዳን መቼ እንደሚገባ እኔን ትጠይቀኛለች፣ የገብርኤልን ቀን ግን እሷ ናት የምትነግረኝ» እያለች ታስቅ ነበር።

ከግቢው ተክል ሁሉ ግን አንዷ የተለየች ነበረች። ከበረንዳው ፊት ለፊት የቆመች ኮክ። ጋሽ ተካ ወጣት ሳሉ ፒያሳ ይኖር ከነበረ አንድ የግሪክ ሰው ጓሮ ቅርንጫፏን ቆርጠው አምጥተው፣ በአገር ኮክ ግንድ ላይ ቀጥለው ያሳደጓት ናት። የግሪኩ ዛፍ ከነጓሮው ከጠፋ ቆይቷል። የገበያው ኮክ ድንጋይ ነው፤ የሷ ግን ሲነክሱት ጭማቂው በክንድ ላይ ይወርዳል፣ ሥጋው ነጭ፣ ዘሩ አጠገብ ሲደርስ ቀይ። ዘሯን ብዙ ጊዜ ተክለነዋል፤ የበቀለው ሁሉ ተመልሶ ድንጋዩን ሆነ። እሷን የምትሆን ከራሷ ቅርንጫፍ የተቀጠለች ብቻ ናት። ቢሮው ውስጥ «ሙሽራዋ» ነበር የምትባለው፤ ጥር ላይ፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ ባዶ ቅርንጫፏ ላይ ሮዝ አበባ ብቻ ለብሳ ስለምትቆም።

እንደዚያ ለመልበስ ግን መተኛት አለባት። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከመስቀል በኋላ ውሃ ይከለክሏታል። ኅዳር ሲገባ በየቀኑ ጠዋት፣ ፀሐይ አጥሩን ሳትዘል፣ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አውልቀው ከሥሯ ያለውን ሣር ይረግጣሉ። ብርዱ እግራቸውን የቆነጠጣቸው እንደሆነ፣ ትንፋሻቸውም ከታየ፣ ከኪሳቸው አንድ ነጭ ጠጠር አውጥተው በሳልሳ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ። አንድ ብርድ፣ አንድ ጠጠር። በታችኛው ጥግ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ካዩ ደስ ብሏቸው ሁለት ይጥላሉ። ሠላሳ ሳይሞላ መቀስም ቢላዋም አይነካትም።

«ሠላሳ የሆነው ለምንድን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሃያ አምስት ላይ ቆርጫት አኩርፋኛለች።»

ሌላ ማብራሪያ አልነበራቸውም። ያልተኛ ሰው ሲነሳ እንደሚነጫነጨው ያልተኛች ኮክም ትነጫነጫለች ይላሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ያብባል፣ ሌላው ቅጠል ያወጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያቃጥል እሳቸው ከዛፏ ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። የጽዳት ሴቶቹ የረገፈ ቅጠል ክምር ይዘው ሲመጡ «ወዲያ! ወዲያ! ልትቀሰቅሷት ነው?» ብለው በመጥረጊያ ያባርሯቸዋል። ለሰው ድምፅ ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ቅርንጫፍ ሲቀጥሉ ደግሞ ማየት ነበር። ቢላዋቸውን በበረንዳው ደረጃ ድንጋይ ላይ ይስሉታል። ቅርንጫፉን በሰያፍ በአንድ ምት ይቆርጡታል፤ ግንዱንም እንደዚያው። ሁለተኛ መቆረጥ ካስፈለገው ይጥሉታል፤ መጠራረብ አያውቁም። ቆዳ ከቆዳ ይገጥማሉ፣ በቀጭኑ በተቆረጠ የብስክሌት ከመነዳሪ ያጠብቁታል፣ ከላይ ሰም ያፈሱበታል። ሰሙ ጊዮርጊስ ደጅ ተቃጥሎ ከቀረ የጧፍ ቁራጭ ነው። ያን ቁራጭ ለቅሜ በጣሳ የማቀልጠው እኔ ነበርኩ። አባቴ አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ጧፍ አግኝቶ አንዴ ጧፉን፣ አንዴ እኔን አየ። «ለኮክ ነው» አልኩት። «እንግዲያስ ለኮክ ከሆነ» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

ጋሽ ተካ ጡረታ ሲወጡ ያስረከቡኝ ቢላዋውን፣ የሳልሳ ቆርቆሮውንና ሠላሳ ጠጠር ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ቆርቆሮው በመዝገብ የለም ብሎ ፊርማ ሊከለክል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠላሳው ከገና በፊት ይሞላ ነበር። ከዚያ ለጥምቀት ሆነ። ከዚያ ሙሽራዋ አብባ ቆርቆሮውን ሳየው ሃያ ሦስት፣ ሃያ አንድ። በታችኛው ጥግ አመዳይ ያየሁበትን የመጨረሻ ዓመት ለማስታወስ ብሞክር አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ ቀኑን ይዞ አይጠፋም። ኅዳር ላይ የሚያልቀው ክሽክሽ የሚባል ቅማል መሳይ ተባይ በጋውን ሙሉ በጽጌረዳው እምቡጥ ላይ እንደተለጠፈ መክረም ጀመረ። ሚያዝያ ላይ የምናየው የጃካራንዳ አበባ በጥር ወር አስፋልቱ ላይ ተነጠፈ። ፒያሳ ላይ ቢንቢ ነክሶኝ ያውቃል፤ በልጅነቴ ቢንቢ የምንሰማው ቆላ ወርዶ ከመጣ ሰው ነበር።

ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኩት። ያን ጊዜ የነበረው ክፉ ሰው አልነበረም።

«ብርዱ እየቀነሰ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አለበት ዘሀራ? ጃኬት ተረፈን።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ተናድጄ ነበር ግን። በዚያው ዓመት ጽጌረዳው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሳያቋርጥ አበበ። እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ፎቶ ተነሳ። ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ «ለግቢው ውበት ላደረጉት አስተዋጽኦ» የሚል የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰጠኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አበባው እኮ የድካም አበባ ነበር፤ ማረፊያ አጥቶ፣ ያለውን አሟጦ እየሰጠ። በሚቀጥለው ክረምት ከአርባው የጽጌረዳ ግንድ ግማሹ ደረቀ። የምስክር ወረቀቱን መልሺ ያለኝ ግን የለም።

ሰው ይህን ሲሰማ አበዛሽው ይለኛል። ሙቀት ማን ይጠላል? ሕፃናቱ ኅዳርን ያለ ሹራብ ይሮጣሉ፣ አዛውንቱ ጉልበታቸው አያማቸውም። ደስ የማይለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ደስ የሚል አየር ሲመጣ ቆርቆሮዬን ከፍቼ ጠጠር እቆጥራለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ተካም የሚኖሩበት ዶሮ ማነቂያ ፈረሰና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እኔ ምድር ቤት፣ ጋሽ ተካ ከልጃቸው ከትዕግሥት ጋር በዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ። ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ እምቢ ካላቸው ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ወደ ታች ያያሉ። ታች ያለው ደግሞ ቀይ አፈርና የልብስ ማስጫ ገመድ ነው።

ጥቅምት ላይ የድሮው ግቢያችን ለመንገድ ሥራ እንደሚነሳ ሰማሁ። ቢሮው ወደ ኪራይ ሕንፃ ሄዷል፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ዘበኛው አቶ ጎሹ ብቻ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ አይነካም ተብሏል። ደረጃውን ወጥቼ ለጋሽ ተካ ነገርኳቸው። በጣታቸው ከበረንዳው ሥር ያለውን ቀይ አፈር አሳዩኝ።

«እዚያ ጋ ብትተክያት ከዚህ ሆኜ አያታለሁ።»

«ሙሽራዋን?»

«ቅርንጫፏን። ብትተኛ፣ ጥር ላይ ብትቀጥያት፣ በሦስተኛው ዓመት ታብባለች። ሦስት ዓመት ልቆይ እችላለሁ።»

ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከእኔ ምንም ጠይቀው አያውቁም። «እሺ» አልኩ። በማግሥቱ ጎረቤት አስፈቅጄ፣ ከዚያው ከበረንዳቸው ሆነው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እያሉኝ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ክረምት ላይ በልማድ ያፈላኋቸው አሥራ አራት የአገር ኮክ ችግኞች በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነበሩኝ። የቀረው የሙሽራዋ እንቅልፍ ነበር።

ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ በመጀመሪያው አውቶቡስ ፒያሳ መሄድ ጀመርኩ። አቶ ጎሹ በሩን ይከፍቱልኛል፣ ጫማዬን አውልቄ ሣሩን እረግጣለሁ። ሣሩ ለብ ያለ ነው። ትንፋሼን እተነፍሳለሁ፤ አይታይም። እመለሳለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ድምፅ ይመጣል።

«ተኛች?»

«ገና ነው ጋሽ ተካ!»

በየቀኑ እንዲህ ነው። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ቆርቆሮው ውስጥ ሦስት ጠጠር ነበር። የሕንፃው ሰዎች ነገሩን ስለለመዱት፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሁሉ «እማማ ዘሀራ፣ እምቢ አለቻችሁ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ሊነሱ ያሉትን ዛፎች ሊመዘግብ አንድ የግብርና ባለሙያ መጣ፤ ብሩክ ይባላል፣ ትሁት ሰው ነው። ከሙሽራዋ ሥር በባዶ እግሬ ቆሜ አገኘኝና ጉዳዩን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዛፏን ዞሮ አያት። ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ነው።

«እማማ፣ ብርዱን አይጠብቁ፤ ዘንድሮ የሚመጣ አይመስለኝም። ዛሬውኑ ቅጠሏን በእጅ ያራግፉላት። ከዚያ እምቡጡ ሳያብጥ ቅርንጫፉን ቆርጠው በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። እንቅልፉን እዚያ ይጨርሳል።»

«ፍሪጅ ውስጥ? ከቲማቲሙ ጋር?»

አቶ ጎሹ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አልችልም፤ ጨመርኩበት። «እኔ ሥራውን የተማርኩት ፍሪጅ ከሌለው ሰው ነው። አንተ በርዶህ እንደሆነ ግባበት» አልኩት። ልጁ ቀላ። ስልክ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና ሄደ። ወረቀቱን የት እንዳደረግኩት አላውቅም።

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር። የልጁ ምክር ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ግን አልሞከርኩም። አሥራ አራት ችግኝ ነበረኝ፤ ግማሹን በሱ መንገድ ብሞክረው ምን ይጎድልብኝ ነበር? የሚጎድልብኝ ሠላሳው ጠጠር ነበር። ሠላሳ ሳይሞላ ቢላዋ ማንሳት ለእኔ ጋሽ ተካን ከነሕይወታቸው መቅበር መሰለኝ። ስለዚህ ጠበቅኩ። ነገ ይበርዳል፣ ከነገ ወዲያ ይበርዳል እያልኩ፣ በየጠዋቱ ባዶ እግሬን ለብ ባለ ሣር ላይ አቁሜ ጠበቅኩ።

ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አቶ ጎሹ በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሙሽራዋ አበበች!»

በላይኛው ጫፍ አንድ ቅርንጫፍ ሮዝ ሆኗል። መሐሉ አሮጌውን ቅጠል እንደያዘ ነው። ታችኛው አዲስ ለምለም ቅጠል አውጥቷል። ልክ ጋሽ ተካ እንደሚሉት ተነጫንጫለች። አቶ ጎሹ ቀጠሉ፤ «ምነው፣ በጾም ታገባለች እንዴ! ቄስ ማን ሊሰጣት ነው?» ጊዜው የገና ጾም ነበር፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን በነገሩ አብሬ እስቅ ነበር። ቆርቆሮውን ገልብጬ ቆጠርኩ። ሰባት።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከነቃች በኋላ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ውሃውን ወደ አበባው ነው የሚሰጠው፣ ቁስሉን የሚዘጋበት አይተርፈውም። አውቃለሁ። ቢሆንም ቢላዋውን በበረንዳው ደረጃ ላይ ሳልኩና፣ እምቡጡ ያላበጠ የመሰለኝን እየመረጥኩ አሥራ አራት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ቸኩዬ ስለነበረ አንዳንዱን ሁለቴ መቁረጥ ግድ ሆነብኝ፤ አልጣልኩትም፣ የሚጣል አልነበረኝም። ቤቴ ወስጄ ቀጠልኳቸው፣ በከመነዳሪ አሰርኳቸው፣ ሰም አፈሰስኩባቸው፣ ጥላ ሥር ደረደርኳቸው። አራቱ በአምስተኛው ቀን ትንሽ ቅጠል አወጡ፤ ሰግጄ ስነሳ ሁሉ እነሱን እያየሁ አመሰግን ነበር። በቅርንጫፉ ውስጥ በነበረ ውሃ ነው ያወጡት። ገና ሲደርስ አሥራ አራቱም በጥፍር ሲፋቁ ከውስጥ ቡናማ ነበሩ።

ሁለተኛ ልሞክር፣ ያልነቃ አንድ እምቡጥ እንኳ ካገኘሁ ብዬ ከገና በኋላ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስወርድ ቦገንቪላው አልታየኝም። መንገድ የሳትኩ መስሎኝ ተመለስኩ። በሩ ከነበረበት ቦታ አቶ ጎሹ ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ጥር መጨረሻ የተባለው ሥራ ቀድሞ ኖሯል። ስካቫተሩ አጥሩን ጨርሶ በረንዳው ጋ ደርሷል። ሙሽራዋ ሥሯ ወደ ላይ ሆኖ ከጣውላውና ከቆርቆሮው ጋር ተከምራለች፤ አበባው ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ነው።

«ልደውልልሽ ስልክሽን አጣሁት» አሉ አቶ ጎሹ። ማንንም መሳደብ አልቻልኩም። ኅዳር ላይ ቆርጬ ቢሆን ማን ከለከለኝ?

ወደ ቤቴ ስደርስ ያው ድምፅ መጣ። «ተኛች?» አንገቴን ደፍቼ «ገና ነው» አልኩ። በማግሥቱም እንዲሁ። ዘጠኝ ቀን የሌለችን ዛፍ «ገና ነው» ስል ከረምኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው በነገር ወግቻለሁ፣ ጋሽ ተካን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

በአሥረኛው ቀን ደረጃውን ወጣሁ። ትዕግሥት በሩን ከፈተችልኝ፤ ፊቴን አይታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። እሳቸው በረንዳ ላይ በሸሚዝ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ተካ፣ ሙሽራዋ የለችም።»

ዐይናቸውን ከታችኛው አፈር አላነሱም። «መቼ?»

«አሥር ቀን ሆናት።»

«የቀጠልሽው አለ?»

«አሥራ አራት። አንዱም አልያዘም። ነቅታ ነው የቆረጥኳት። ሰባት ጠጠር ነበር። ደግሞ አንድ ባለሙያ ቀድሞ መክሮኝ ነበር፤ አትጠብቂ፣ ቅጠሏን አራግፊ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስተኚው ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። ሰድቤ ነው የመለስኩት።» ከዚህ በኋላ ልቅሶዬን መያዝ አልቻልኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቆጡኝ፤ እባክዎ ይቆጡኝ።»

ቀና ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም ብሆን እጠብቅ ነበር» አሉ። «ልጁንም እስቅበት ነበር።»

«ጋሽ ተካ…»

«ጋቢዬን ካወለቅኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ብርዱ እንዳልመጣ ከዚህ ሆኜ አላውቅም ብለሽ ነው? በኅዳር በሸሚዝ ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ ተኛች እያሉ የጠየቁኝ? ቁረጪያት አይሉኝም ነበር?»

«ሌላ ምን ልበልሽ? የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡኝ ስህተቱ የእኔ ሆኖ፣ ትክክለኛው መንገድ በእሳቸው ዘንድ ይቀር ነበር፤ ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሰው ይጠቀምበት ነበር። እሳቸው ግን እንደኔ ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ በእጄ ያለው እውቀት ሁሉ፣ ቀኑም፣ ጠጠሩም፣ ሣሩን መርገጡም፣ ለማይመጣ ወቅት የተዘጋጀ ነው። ለማን ላስተምረው? አስተምሬው ማንን ላጥፋበት? ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ እዚያ በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ ከእጄ ወጣ። ትዕግሥት ውሃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ ወረድኩ።

ጉድጓዱን የሕንፃው ሰዎች የልብስ ማስጫ ምሰሶ አቆሙበት፤ መጥተው ሲጠይቁኝ እሺ አልኩ። ጋሽ ተካ ዛሬም በረንዳው ላይ ናቸው። ሳልፍ ያዩኛል፣ ቆም እላለሁ። ወገቤ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁኛል፣ እኔም ጉልበታቸውን እጠይቃለሁ። ውሃ መጥፋቱን፣ የዳቦውን መቅለል፣ የልጆቻችንን ነገር እናወራለን። ስለ አየሩ እኔም አላነሳም፣ እሳቸውም አያነሱም።